ሎርድ ኬልቪንና የዜሮ መንሸራተት

የአንድን አምፕሊፋየር የመግለጫ ወረቀት ገልጦ ያየ የሙያ ባልደረባችን ሁሉ፣ ከአኃዞቹ መካከል አንዲት አነስተኛ መስመር ሳያስተውል አይቀርም። ይህች መስመር ኦፍሴት ቮልቴጅ የሚባለው ስሕተት በአንድ ኬልቪን የሙቀት ለውጥ ስንት ማይክሮቮልት እንደሚንሸራተት የምትገልጽ ናት። ኦፍሴት ማለት መግቢያው ባዶ ሳለ፣ አንዳች ነገር እንደገባ ሆኖ በመውጫው ላይ የሚታየው ቮልቴጅ ነው። ኬልቪን ደግሞ መለኪያ ከመሆኑ በፊት የሰው ስም ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ሰው ሕይወት፣ በተለይም ስለ ጥቃቅን ጅረቶች ልኬት ያስተማሩትን፣ ለማኅበራችን አባላት በአጭሩ ማቅረብ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት አስቀድመን አንድ ስሌት እንሥራ። አንድ የጅረት መለኪያ በአዲስ አበባ ቤተ ሙከራ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ ዜሮው በጥንቃቄ ተስተካከለ እንበል። ከዚያም 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ወደ አሶሳ ተጫነ፤ ከአሶሳም ቁልቁል ወደ ዓባይ ሸለቆ፣ ወደ ጉባ ቆላ ወርዶ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የባትሪን ጅረት እንዲለካ ተተከለ። የሣጥኑ ውስጥ ሙቀት 40 ዲግሪ ሲደርስ ልዩነቱ 20 ኬልቪን ይሆናል። አምፕሊፋየሩ በአንድ ኬልቪን 10 ማይክሮቮልት የሚንሸራተት ከሆነ፣ ዜሮው በ200 ማይክሮቮልት ከቦታው ሄዷል ማለት ነው። ሻንቱ፣ ማለትም ጅረቱ የሚያልፍበት ትንሿ ሬዚስተር፣ 100 አምፔር ሲያልፍባት 60 ሚሊቮልት የምትሰጥ ትሁን። በሙሉ ጅረት ጊዜ ስሕተቱ ከመቶ ሲሶ ያህል ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ጅረቱ ወደ 1 አምፔር ሲወርድ ግን ምልክቱ 600 ማይክሮቮልት ብቻ ይሆናልና፣ ስሕተቱ የምልክቱን ሲሶ ይበላል። ጅረቱ ጨርሶ ተቋርጦ ሳለ እንኳ መለኪያው ሲሶ አምፔር ያሳያል። መሣሪያው ወደ ባትሪው የገባውንና ከባትሪው የወጣውን የሚደምር ከሆነ ደግሞ፣ ይህች የሌለች ሲሶ አምፔር በቀን 8፣ በወር 240 አምፔር-ሰዓት ትሆናለች። እንዲህ ያለውን ሒሳብ አምኖ ባትሪውን የሚያስተዳድር ሰው፣ ባትሪው ባዶ ሆኖ ሳለ ሙሉ ነው ብሎ ሊተኛ ይችላል።

ይህን ዓይነቱን ችግር በመጀመሪያ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ጠርዝ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ የታገሉት ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባሉት ናቸው።

ቶምሰን የተወለዱት በ1824 ሰኔ 26 ቀን በአየርላንድ ከተማ በቤልፋስት ነው። እናታቸው የሞቱባቸው ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ሲሆን፣ ያሳደጓቸውም ያስተማሯቸውም የሒሳብ መምህር የነበሩት አባታቸው ጄምስ ቶምሰን ናቸው። አባትየው በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነው ሲሾሙ ቤተሰቡ ወደ ስኮትላንድ ተዛወረ፤ ዊልያምም በአሥር ዓመታቸው ወደ ዩኒቨርሲቲው ገቡ። በ1840 የፈረንሳዊው የፉሪዬ የሙቀት ሒሳብ መጽሐፍ እጃቸው ገባና በሁለት ሳምንት ውስጥ አነበቡት። ይህ ንባብ ለዕድሜ ልክ የሚሆን ስንቅ ሆናቸው። ሙቀት በብረት ዘንግ ውስጥ እየተዳከመና እየዘገየ እንዴት እንደሚጓዝ የሚያስረዳው ሒሳብ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ኤሌክትሪክ በባሕር ውስጥ ኬብል እንዴት እንደሚጓዝ እንዲያስረዱበት ረዳቸው። ከካምብሪጅ ትምህርታቸው በኋላ ጥቂት ጊዜ በፓሪስ በሬኞ ቤተ ሙከራ ሠሩ። ሬኞ በልኬት ጥንቃቄ ዓለም ያወቃቸው ሰው ስለነበሩ፣ የእጅ ሥራን ትዕግሥት የተማሩት ከእሳቸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1846፣ በ22 ዓመታቸው፣ በግላስጎ የተፈጥሮ ፍልስፍና፣ ማለትም የፊዚክስ፣ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በዚያም ወንበር ላይ 53 ዓመት ተቀመጡ። ተማሪዎች በገዛ እጃቸው የሚለኩበትን ቤተ ሙከራ የከፈቱት በአንድ አሮጌ የወይን ጠጅ ማከማቻ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያው እንደነበር ይነገርለታል። በ1848 ከማንኛውም ፈሳሽ ወይም ጋዝ ጠባይ ነፃ የሆነ፣ ዜሮው የሙቀት ሁሉ መጨረሻ የሆነ የሙቀት መለኪያ እንዲኖር ሐሳብ አቀረቡ። ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው የሰውዬው የአእምሮ ዝንባሌ ከዚህ ጀምሮ ይታያል። ሌላው ሰው ምን ያህል ብሎ ሲጠይቅ፣ እሳቸው ከየት ጀምሮ ብለው ይጠይቁ ነበር።

አሁን ወደ ኬብሉ እንምጣ። በ1854 ቶምሰን የፉሪዬን ሒሳብ ወደ ረጅም የባሕር ኬብል አዞሩትና፣ የምልክቱ መዘግየት ከኬብሉ ርዝመት ጋር በካሬ እንደሚያድግ አገኙ። ርዝመቱ እጥፍ ከሆነ መዘግየቱ አራት እጥፍ ነው። ከአየርላንድ እስከ ኒውፋውንድላንድ የሚዘረጋ ኬብል እንግዲህ እንደ ምድር ቴሌግራፍ ሊሠራ አይችልም፤ በወዲያኛው ጫፍ የሚደርሰው ጅረት በጣም አነስተኛ፣ አነሣሡም በጣም ቀስ ያለ ይሆናል። የአትላንቲክ ቴሌግራፍ ኩባንያ የኤሌክትሪክ ኃላፊ የነበሩት ዋይልድማን ኋይትሃውስ በሙያቸው የቀዶ ጥገና ሐኪም ሲሆኑ፣ ይህን ሕግ በሙከራ አፈረስኩት ብለው በአደባባይ ተከራከሩ። በእርሳቸው እምነት ደካማ ምልክት የሚድነው በብርቱ ግፊት ነው። ቶምሰን በበኩላቸው ኬብሉን ማስጨነቅ ሳይሆን መቀበያውን ማስላት ያስፈልጋል የሚል አቋም ያዙ። በ1856 መጨረሻ የኩባንያው የቦርድ አባል ቢሆኑም ሥልጣኑ በሐኪሙ እጅ ነበር። በመርከብ ላይ ወጥቶ ኬብሉን መከታተል የኋይትሃውስ ተግባር ሆኖ ሳለ፣ እርሳቸው በጤና ምክንያት ሲቀሩ በ1857ም በ1858ም ያለ ደመወዝ ወደ ባሕር የወጡት ቶምሰን ናቸው።

ለዚህ ጉዞ የሠሩት መሣሪያ ባለ መስታወት ጋልቫኖሜትር ይባላል። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ በጥቂት ቃላት ሊገለጽ ይችላል። የሰዓት ጠመዝማዛን ከመሰለ ቀጭን ብረት የተቆረጡ ትናንሽ ማግኔቶች ከአንዲት ክብ መስታወት ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ፤ የሁሉም ክብደት ተደምሮ ከግራም አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። መስታወቷ በሐር ክር ላይ ትንጠለጠልና በሽቦ ጥቅል መካከል ትቀመጣለች። በጥቅሉ ውስጥ እጅግ አነስተኛ ጅረት ሲያልፍ መስታወቷ በጥቂቱ ትዞራለች፤ ከኩራዝ የመጣው ብርሃን ግን በእርሷ ላይ ነጥሮ፣ ራቅ ብሎ በተቀመጠ ሚዛን ላይ በግልጽ ይንቀሳቀሳል። ብርሃን ክብደት የሌለው ጠቋሚ ነውና፣ መስታወቷ በዞረችበት ማዕዘን እጥፍ ይዞራል። ዛሬ በሲሊከን የምናደርገውን ማጉላት ቶምሰን በጨረር አደረጉት ማለት ነው። ከመሣሪያው በላይ ደግሞ ከፍና ዝቅ የሚል፣ የሚዞርም አንድ ማግኔት አለ፤ ተግባሩ የብርሃኑን ነጥብ ወደ ዜሮ መመለስ ነው። በዘመናችን አሮጌ አምፕሊፋየሮች ጎን ላይ በዊንዴ የሚዞረው የዜሮ ማስተካከያ የዚህ ማግኔት የልጅ ልጅ ነው ብንል አንሳሳትም።

ኬብሉ በ1858 ነሐሴ 5 ቀን ተዘረጋ። ታላቅ ደስታም ሆነ። የንግሥት ቪክቶሪያ ሰላምታ 98 ቃላት ብቻ ሲሆን ለመተላለፍ 16 ሰዓት ፈጀ። በአየርላንድ በኩል የኋይትሃውስ መቀበያ መሥራት ስለተሳነው ምልክቱ ይነበብ የነበረው በቶምሰን ጋልቫኖሜትር ነው። ኋይትሃውስ ግን በላኪነት ያዘጋጁትን ግዙፍ የኢንዳክሽን ጥቅል አልተዉም፤ ወደ 2,000 ቮልት የሚደርስ ግፊት በኬብሉ ላይ አሳረፉ። ኬብሉ ቀድሞውንም በአሠራሩና በአቀማመጡ ጉድለት ነበረበትና ሞቱን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ሆኖም ይህ ግፊት ቀኑን አሳጠረው። ምልክቱ በየቀኑ እየደከመ ሄዶ በመስከረም ወር ጨርሶ ዝም አለ። የባለ አክሲዮኖች ገንዘብ፣ የብዙ ሰዎች የድካም ዓመታት፣ የሁለት መንግሥታት መርከቦች ጉዞ፣ ሁሉም ከባሕር በታች ቀረ።

በዚህ ታሪክ ላይ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጎላው የቮልቴጁ ጉዳይ ነው። ለሙያችን ግን ብዙም የማይወራው ሌላው ችግር ይበልጥ አስተማሪ ነው። በኬብል ጣቢያዎች በጨለማ ክፍል ተቀምጠው የብርሃኑን ነጥብ የሚከታተሉ ጸሐፊዎች፣ ነጥቡ ማንም ምልክት ሳይልክ በራሱ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሲሄድ ያዩ ነበር። ምክንያቱ የምድር ጅረት የሚባለው ነው፤ የኬብሉ ሁለት ጫፎች በሁለት የተራራቁ አገሮች ከምድር ጋር ስለሚገናኙና በምድር ማግኔትነት ላይ በሚደርስ ሁከት በመካከላቸው ቮልቴጅ ስለሚፈጠር፣ ዜሮው አንድ ቦታ አይረጋም። ካለፈው ምልክት በኬብሉ ውስጥ የቀረው ቻርጅም በዚያ ላይ ይጨመራል። ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች ታዲያ ነጥቡ የት እንዳለ ማየት ትተው፣ ወዴት እንደዘለለ ብቻ ማንበብ ለመዱ። ወደ አንድ ወገን ከዘለለ ነጥብ፣ ወደ ሌላው ከዘለለ ሰረዝ ነው። ከዚህም የተነሣ ዜሮው ቀስ ብሎ ቢንሸራተትም መልእክቱ አይበላሽም ነበር።

ይህ የጸሐፊዎች ጥበብ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሽቦው ገባ። በኋላ ከቶምሰን ጋር በሽርክና የሠሩት ክሮምዌል ቫርሊ በ1862 በኬብሉ ጫፍ ላይ ካፓሲተር ማስገባትን በፓተንት አስመዘገቡ። ካፓሲተር ፈጣኑን ምልክት ያሳልፋል፤ ቀስ ብሎ የሚሄደውን የምድር ጅረት ግን ያግደዋል። እንግዲህ የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፍ ይህ ነው፤ ምልክቱና ስሕተቱ በመጠን አንድ ዓይነት ቢሆኑ እንኳ በፍጥነት ከተለያዩ ሊለዩ ይችላሉ።

በ1866 ግሬት ኢስተርን የተባለችው ግዙፍ መርከብ አዲሱን ኬብል ዘርግታ ስትጨርስ፣ ባለፈው ዓመት ተበጥሶ የጠፋውም ኬብል ከባሕር ወለል ተፈልጎ ተያዘና ተቀጥሎ ተጠናቀቀ። አሁን ሁለት ደኅና ኬብሎች ተገኙ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ላቲመር ክላርክ የተባሉ መሐንዲስ በአየርላንድ ጠረፍ በቫለንሺያ ደሴት ሳሉ፣ ሁለቱ ኬብሎች በአሜሪካ በኩል ባለው ጫፋቸው አንድ ላይ እንዲታሰሩ አደረጉ። ከዚያም ልብስ ሰፊዎች በጣታቸው ላይ የሚያጠልቋትን የብር ቆብ ወስደው ጥቂት አሲድና አንዲት የዚንክ ቁራጭ ጨመሩባት። በዚህች ባትሪ ኃይል ምልክቱ ውቅያኖሱን ሁለት ጊዜ አቋርጦ ሲመለስ በጋልቫኖሜትሩ ላይ በግልጽ ታየ። በ2,000 ቮልት የተገደለው ሥራ በአንድ ቮልት ገደማ ተፈጸመ። ቶምሰን በዚያ ዓመት የባላባትነት ማዕረግ ተሰጣቸው። በ1867ም ምልክቱን በቀለም በወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ በስማቸው አስመዘገቡና የጸሐፊዎቹ ዓይን ዐረፈ።

ከዚህ በኋላ ያለው የግል ሕይወታቸው ባጭሩ ሊነገር ይችላል። የመጀመሪያ ባለቤታቸው ማርጋሬት ክረም ከረጅም ሕመም በኋላ በ1870 ሞቱ፤ በ1874 የማዴይራውን ተወላጅ ፍራንሲስ ብላንዲን አገቡ፤ ልጅ አልወለዱም። በ1860 ክረምት በበረዶ ላይ ወድቀው ጭናቸው ስለተሰበረ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያነክሱ ነበር። ከኬብሉ ባገኙት ገንዘብ ላላ ሩክ የምትባል ጀልባ ገዝተው በጋውን በባሕር ላይ ያሳልፉ ነበር።

በሙያችን ዘንድ ግን ስማቸው ይበልጥ የሚነሣው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ባለ አራት ሽቦ አለካክ ነው። በጣም አነስተኛ ሬዚስታንስ ሲለካ የማገናኛው ሽቦና የመያዣው ሬዚስታንስ ከሚለካው ነገር ሊበልጥ ይችላል። ኬልቪን ጅረቱ በሁለት ጫፎች እንዲገባ፣ ቮልቴጁ ደግሞ ጅረት በማያልፍባቸው በሌሎች ሁለት ጫፎች እንዲነበብ አደረጉ። ዛሬ በማከፋፈያ ጣቢያ የሰርኪዩት ብሬከርን መገናኛ የሚፈትሽ ቴክኒሺያን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። 100 አምፔር በ50 ማይክሮኦም መገናኛ ላይ ሲያልፍ የሚገኘው 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ከላይ ያየነው የ200 ማይክሮቮልት መንሸራተት ከዚህ ላይ ከመቶ አራት እጅ ያበላሻል።

ሁለተኛው ሙቀትና ኤሌክትሪክ በብረት ውስጥ ስለሚገናኙበት ሁኔታ ያደረጉት ምርምር ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በተገናኙበት ቦታ የሙቀት ልዩነት ካለ ቮልቴጅ እንደሚወለድ ሴቤክ በ1821 አሳይተው ነበር። ቶምሰን በ1850ዎቹ የዚህን ሕግ ከሙቀት ሳይንስ ጋር አዋሕደው፣ በአንድ ዓይነት ብረት ውስጥም ቢሆን ሙቀቱ ከተለያየ ተመሳሳይ ነገር እንደሚከሠት ከሒሳብ ተነሥተው ተነበዩ፤ በሙከራም አገኙት። ለልኬት ሰው ይህ ግኝት መልካም ዜና አይደለም። እያንዳንዱ የብሎን መያዣ፣ እያንዳንዱ የብየዳ ነጥብ ያልተጠራ ባትሪ ሊሆን ይችላል ማለት ነውና። መዳብና ኮንስታንታን የሚባለው ቅይጥ ቢገናኙ በአንድ ኬልቪን ልዩነት 40 ማይክሮቮልት ገደማ ይሰጣሉ። የሻንት ሠሪዎች ከመዳብ ጋር ሲገናኝ እጅግ ጥቂት የሚሰጠውን ማንጋኒንን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ በሽታ የዘመኑ ቤተ ሙከራዎች ያገኙት መድኃኒት ጅረቱን መገልበጥ ነው። በመጀመሪያ ጅረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄደ ይለካል፤ ከዚያ ተገልብጦ ይለካል። ምልክቱ ሲገለበጥ የሙቀቱ ቮልቴጅ ግን አይገለበጥም። ሁለቱ ተቀናንሰው ለሁለት ሲከፈሉ ስሕተቱ ይጠፋል፣ እውነተኛው ይቀራል።

በአሶሳ ዙሪያ፣ በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ ወርቅ ማጠብ የቆየ ሙያ ስለሆነ፣ ለቤኒሻንጉል ሰው ይህን በሚዛን ማስረዳት ይቀላል። ወርቅ የሚመዝን ሰው አስቀድሞ ሚዛኑ ባዶውን ቀጥ ማለቱን ያያል። ሚዛኑን የማያምነው ከሆነ ደግሞ ወርቁን ከቀኝ ወደ ግራ፣ መመዘኛውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛውሮ እንደገና ይመዝናል፤ የክንዶቹ እኩል አለመሆን አንድ ጊዜ ሻጩን፣ አንድ ጊዜ ገዢውን ስለሚጎዳ የሁለቱ አማካይ ከእውነቱ ጋር ይስማማል። የዘመናችን ዜሮ የማይንሸራተትባቸው አምፕሊፋየሮች የሚያደርጉት እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው፤ ልዩነቱ ፍጥነቱ ብቻ ነው።

በአምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ ሁለት መንታ ትራንዚስተሮች አሉ። አንዱ ትራንዚስተር ብቻውን በአንድ ኬልቪን 2 ሚሊቮልት ያህል ይንሸራተታል፤ መንታው ወደ ተቃራኒው ስለሚስብ ይጣፋሉ። ነገር ግን ፍጹም መንታ የለም። የመንታዎቹ ልዩነት የሚሰጠው ኦፍሴት በሙቀት ይንሸራተታል፤ መጠኑም በባይፖላር ትራንዚስተር ዘንድ ኦፍሴቱ ለፍጹም ሙቀቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። የ3 ሚሊቮልት ኦፍሴት ለ300 ኬልቪን ሲካፈል 10 ማይክሮቮልት በኬልቪን ይሰጣል። በጉባው ሣጥን ውስጥ ያስቀመጥነው አምፕሊፋየር ይኸው ነው።

ከዚህ መላቀቂያው ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው ባዶ ሚዛንን እንደማየት ነው፤ አምፕሊፋየሩ በየጊዜው መግቢያው ለቅጽበት እርስ በርሱ ይታሰራል፣ በዚያን ጊዜ የሚታየው ኦፍሴት በካፓሲተር ላይ ይቀመጣል፣ ምልክቱ ሲመለስ ከእርሱ ላይ ይቀነሳል። ሙቀቱ ቢለወጥም ሥራው በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ስለሚደጋገም ዜሮው ሁልጊዜ አዲስ ነው። ሁለተኛው ቾፐር ይባላል፤ ወርቁንና መመዘኛውን እንደ ማዛወር ነው። በመግቢያው ያሉ ስዊቾች ምልክቱን ይገለብጡታል፣ ከተጎላ በኋላ በመውጫው ያሉ ስዊቾች ወደ ቦታው ይመልሱታል። ምልክቱ ሁለት ጊዜ ስለተገለበጠ እንደነበረው ይሆናል፤ ኦፍሴቱ ግን የተወለደው በመካከል ነውና አንድ ጊዜ ብቻ ተገልብጦ ፈጣን ሞገድ ይሆናል፤ ማጣሪያው ያስቀረዋል። የቫርሊ ካፓሲተር ቀስታውን አግዶ ፈጣኑን አሳለፈ፤ የቾፐር ማጣሪያ ፈጣኑን አግዶ ቀስታውን ያሳልፋል፤ ነገሩ አንድ ነው። የኤሌክትሮን ቱቦ አምፕሊፋየሮች በመንሸራተት ባስመረሩበት ዘመን፣ በ1949፣ ኤድዊን ጎልድበርግ በአሜሪካው አር ሲ ኤ ኩባንያ ዘገምተኛውን ስሕተት በቾፐር የሚያርም አምፕሊፋየር ይፋ አደረጉ፤ መገልበጫው ያን ጊዜ የሚንቀጠቀጥ የብረት ምላስ ነበር። በኋላ ሁሉም ነገር በአንድ የሲሊከን ፍንጣሪ ላይ ተጠቃለለ። ዛሬ መንሸራተቱ ከ0.05 ማይክሮቮልት በኬልቪን የማይበልጥ አምፕሊፋየር በገበያ ይገኛል፤ በእኛ ስሌት 200 የነበረው ወደ 1 ማይክሮቮልት ይወርዳል፤ በወር 240 አምፔር-ሰዓት የነበረው የሌለ ቻርጅ 1.2 ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ቾፐር የሚያርመው ከስዊቾቹ በስተውስጥ ያለውን ብቻ ነው። በሻንቱ ሁለት ብሎኖች ላይ፣ አንደኛው በፀሐይ፣ ሌላው በጥላ ሆኖ የሚወለደው ቮልቴጅ ለአምፕሊፋየሩ ምልክት ነው፤ በታማኝነት ያጎላዋል። ስለሆነም እጅግ ጥሩውን አምፕሊፋየር ገዝቶ ሻንቱን ከሚግል ግድግዳ ጋር የሚያስር ሰው ገንዘቡን አባክኗል። የሻንቱ ሁለት ጫፎች እኩል ሙቀት እንዲኖራቸው፣ የልኬቱ ሽቦዎችም ከአንድ ዓይነት ብረት ሆነው አብረው እንዲሄዱ ማድረግ ያስፈልጋል። ጅረቱን ራሱን መገልበጥ በሚቻልበት ጊዜ ደግሞ የድሮው መድኃኒት ዛሬም አቻ የለውም።

ኬልቪን ሁልጊዜ ትክክል አልነበሩም። የምድርን ዕድሜ ከቅዝቃዜዋ ተነሥተው ሲያሰሉ በመጀመሪያ ከ20 እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት ገመቱ፤ በኋላም ቁጥሩን ወደ ታች አጠበቡት፤ የጂኦሎጂ ሊቃውንትን ማስረጃ ለመስማት ፈቃደኛ አልነበሩም። ለኃይል መሐንዲሶች ይበልጥ የሚገርመው የናያጋራው ነገር ነው። የናያጋራን ፏፏቴ ኃይል እንዴት ማውጣትና ማስተላለፍ እንደሚገባ ለመወሰን በ1890 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ሊቀመንበር እሳቸው ነበሩ። በ1893 ኩባንያው ወደ ተለዋዋጭ ጅረት ባዘነበለ ጊዜ ይህ ታላቅ ስሕተት ይሆናል ብለው በቴሌግራፍ አስጠነቀቁ። ኩባንያው አልሰማቸውም። በ1896 ኅዳር ወር ኃይሉ በተለዋዋጭ ጅረት ወደ በፋሎ ከተማ ደረሰ፤ የዓለም የኃይል መረብም በዚያው መንገድ ሄደ።

ሚያዝያ 2 ቀን 2011 በጉባ መሠረቱ የተጣለው፣ የካቲት 20 ቀን 2022 ኃይል ማመንጨት የጀመረው፣ መስከረም 9 ቀን 2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋቱን የሚልከው በ500 ኪሎ ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ነው። ሆኖም ኬልቪን የወገኑለት ቀጥተኛ ጅረት ጨርሶ አልተሸነፈም፤ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ እስከ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋው መስመር በ2022 ሥራ የጀመረው በ500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። በ1893 ይህን ሊያደርግ የሚችል መሣሪያ አልነበረም።

ቶምሰን በ1892 የሎርድነት ማዕረግ ሲሰጣቸው፣ በዩኒቨርሲቲው ሥር ከሚፈሰው ወንዝ ስም ወስደው ኬልቪን ተባሉ። ራስ መኰንን ወደ ቤኒ ሻንጉል ዘምተው አካባቢው ለዳግማዊ ምኒልክ ከገበረበት ከ1897–98 ዘመቻ ጥቂት ቆይቶ፣ በ1899 ከወንበራቸው ተሰናበቱ፤ ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲው መለየት ስላልፈለጉ በ75 ዓመታቸው በተመራማሪ ተማሪነት ተመዘገቡ። የቴሌግራፍ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በኋላም የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ተቋም የተባለው፣ በ1874፣ በ1889ና በ1907 ሦስት ጊዜ ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መረጣቸው። በ1906 በለንደን የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽንም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ አደረጋቸው። ዛሬ የምንገዛው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ የሚፈተሽባቸው ደረጃዎች አብዛኞቹ ከዚህ ኮሚሽን የሚወጡ ናቸው።

በ1907 ታኅሣሥ 17 ቀን በስኮትላንድ በላርግስ በሚገኘው መኖሪያቸው ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም በዌስትሚንስተር ገዳም በአይዛክ ኒውተን መቃብር አጠገብ ተቀበረ። የፍጹም ሙቀት መለኪያ በስማቸው መጠራቱ ከዚያ በኋላ ጸና፤ ከ1967 ወዲህም ዲግሪ የሚለው ቃል ቀርቶ በአጭሩ ኬልቪን ተባለ። ከግንቦት 20 ቀን 2019 ጀምሮ ይህ መለኪያ የሚተረጎመው በቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር ነው። በመንታዎቹ ትራንዚስተሮች ኦፍሴት ቀመር ውስጥ በፍጹም ሙቀት የሚባዛውም ይኸው ቁጥር ነው።